ቋጣሪውና ወግ አጥባቂው፦ የስድስት ሳምንት ደብተሬ

ከደብተሬ ላካፍላችሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ የቆፈርኩት የአሜሪካውን ሪፐብሊካን ፓርቲ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነበር። "ታክስ ይቀነስ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ" የሚለውና "ሃይማኖትና ቤተሰብ ይከበር" የሚለው እንዴት አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያስጀመረኝ ቡና ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዘመድ ቤት ተሰብስበናል። አንድ ጋሼ "ሪፐብሊካን የምመርጠው ለሃይማኖቴ ስል ነው" አሉ። ነዳጅ ማደያ ያለው አማቻቸው "እኔ እንኳ ለታክሱ ነው" አለ። አቦሉ ላይ ተስማሙ። ቶናው ላይ ጋሼ "ብቻ ሜዲኬሬን እንዳይነኩብኝ" ሲሉ (ሜዲኬር የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ነው) አማችየው ሳቀ። "እሱን ማን የሚከፍለው ይመስልዎታል?" በረካ ሳይደርስ ተኮራረፉ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የቋንቋ ነው። "ወግ አጥባቂ" ስንል ወግንና ባህልን የሚጠብቅ ማለታችን ነው። በጀት ሲነሳ የሚያንገሸግሸው ሰውዬ ግን ስም የለውም። እኔ "ቋጣሪ" አልኩት። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ቋጣሪ ባትሆን ኖሮ እኔም ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩና በግራ ቋጣሪ፣ በቀኝ ወግ አጥባቂ ብዬ ፖለቲከኞቹን መደልደል ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በታሪክ አለፉ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ፍራንክ ማየር የሚባል ጸሐፊ ሁለቱን ለማጋባት ብዙ ደክሟል። ነፃነት ያለ ምግባር አይዘልቅም፣ በግዳጅ የመጣ ምግባርም ምግባር አይደለም ነው ነገሩ። በ1979 ሰባኪው ጄሪ ፎልዌል ሃይማኖተኛ መራጮችን የሚያደራጀውን ሞራል ማጆሪቲን አቋቋሙ፣ በ1980 ሬገን ሁለቱንም ወገን ይዞ የፕሬዚዳንት ምርጫውን አሸነፈ። አሜሪካኖች ይህን ጥምረት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሉታል፤ ታክስ፣ ምግባርና መከላከያ። ለእኔ ግን ሦስት ጉልቻ ነው የመሰለኝ፤ ዋናው እሳቱ ነበርና። እሳቱ የሶቭየት ፍርሃት ነው። በ1991 እሳቱ ሲጠፋ ጉልቻዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብተሬ ተበላሸ። ያበላሸው በኋላ የትራምፕ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ማይክ ፔንስ ነው።

ፔንስ ራሱን ሲያስተዋውቅ "ክርስቲያን፣ ወግ አጥባቂ፣ ሪፐብሊካን፤ በዚሁ ቅደም ተከተል" ማለት ይወዳል። ሳላመነታ በቀኝ ጻፍኩት። ከዚያ የኖቬምበር 22፣ 2003ን ድምፅ አየሁ፤ ያኔ ፔንስ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ "ሜዲኬር ለአረጋውያን መድኃኒትም ይክፈል" የሚል ሕግ ይዞ ነበር። በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ አሰጣጥ አብዛኛውን ጊዜ 15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ይኼኛው ግን በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ገደማ ተጀምሮ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተዘጋ። ቆጠራው አልሞላ ሲል የፓርቲው መሪዎች የገዛ ሰዎቻቸውን ሲለምኑና ሲቆጡ ነጋ። 220 ለ215 አለፈ። እስከ መጨረሻው እምቢ ካሉት 25 ሪፐብሊካኖች አንዱ ፔንስ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ባይ! የቀኙን ስም ሰርዤ በግራ ጻፍኩት።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ኢንዲያና ላይ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚህች ግዛት መውጣት አልቻልኩም። የያኔው አገረ ገዢዋ ሚች ዳንኤልስ ቀደም ሲል በቡሽ ጊዜ የዋይት ሀውስ የበጀት ቢሮ ኃላፊ ነበር፣ ቅጽል ስሙም "ምላጩ"። የለየለት ቋጣሪ። በ2010 ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ዕዳው እስኪስተካከል ድረስ በምግባር ጉዳዮች ላይ ተኩስ ማቆም ይኖርበታል አለ። የባፕቲስት ፓስተር የነበረው ማይክ ሃካቢን ጨምሮ ወግ አጥባቂዎቹ ወረዱበት። ይኸው ዳንኤልስ ግን በሜይ 2011 ውርጃን ጨምሮ የሴቶች ሕክምና የሚሰጠው ፕላንድ ፓረንትሁድ የድሆች የጤና መድን በሆነው በሜዲኬድ በኩል የሚያገኘውን ገንዘብ የሚከለክል ሕግ ፈረመ። ተኩስ ይቁም ያለው ሰው ዓመት ሳይሞላው ራሱ ተኮሰ።

ወንበሩን የወረሰው ማን ይመስላችኋል? ፔንስ። በማርች 2015 የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ፈረመ። ተቺዎቹ "ነጋዴ ግብረ ሰዶማዊ ደንበኛን እንዲመልስ በር ይከፍታል" አሉ። አሁን የተነሱበት ኩባንያዎቹ ናቸው። የአፕሉ ቲም ኩክ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤቱ በግዛቲቱ ዋና ከተማ ኢንዲያናፖሊስ ነው፣ የቅርጫት ኳስ የመጨረሻ ጨዋታዎቹም እዚያው ሊደረጉ ቀናት ቀርተዋል። በሳምንቱ ሕጉ ተሻሻለ።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ነጋዴና ቋጣሪ አንድ አይደሉም። ቋጣሪው የመንግሥትን ወጪ ይጠላል፤ ነጋዴው ገበያውን የሚያውክ ሁሉ ያስጠላዋል፣ ከራሱ ፓርቲ ቢመጣም። የእኛ ባለ ማደያ ነጋዴ እንጂ ቋጣሪ አልነበረም። ሁለት ዓምድ አይበቃም። ሦስትም አይበቃም፣ አንድ ሰው ሁሉም ጋ ስለሚገባ። አሁን ዓምዱን ትቼ በእያንዳንዱ ስም ፊት አንድ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፦ ሲጨንቀው መጀመሪያ የለቀቀው ምንድን ነው?

አንድ ነገር በጎን። ፔፕፋርን፣ የአሜሪካን የኤች አይ ቪ እርዳታ፣ ታውቁታላችሁ። በ2003 ለኤች አይ ቪ በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቀድ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ የትኩረት አገሮች አንዷ ነበረች። ቡሽን ከገፋፉት መካከል ወንጌላውያን አማኞች ነበሩ። እድሳቱ በ2023 የተሰናከለው ደግሞ በውርጃ ክርክር ነው፤ በ2024 ለአንድ ዓመት ብቻ ተራዘመ። ያኔ ኪሱን ያስፈታውም ኋላ የቋጠረውም ያው ወግ አጥባቂው ነው። ቋጣሪው ከዳር ቆሞ የሚያይ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ፔንስን ይወዱታል፤ ጸሎተኛ ነው ይላሉ። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸው የሚከፈልበትን ሕግ ፔንስ ተቃውሞት እንደነበር ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የኪኒን ብልቃጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"ታዲያ አለፈ አይደል?" አሉ በመጨረሻ።

"አለፈ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ለአማቼ እንዳትነግረው።"