የጭቃው ነገር

ዛሬ ደሴ ላይ ዝናቡ ላባራ አላለም። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጭራሽ አይታይም። ከሥራ እስክመለስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በስንጥር ስፍቅ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ጭቃና አዛን አንድ ላይ ሲመጡብኝ አባ ነው ትዝ የሚለኝ።

2012 ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 30 አዋጅ ወጣ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቴሌቪዥን ፊት ቆመው አስቀደሱ። በ5ኛው ቀን ረመዷን ገባ፣ ተራው የኛ ሆነ።

አባ ጁምዓ ሲቀር አይቼው አላውቅም። ጉልበቱን እያመመው ዳገቱን ይወጣ ነበር። ስኳርም ነበረበት። «ሞት እንደሆነ ቤትም ይመጣል» አለኝ። እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ስለ ትንፋሽ ነገርኩት። በተዘጋ ቤት ትከሻ ለትከሻ መቆም ምን እንደሚያመጣ አስረዳሁት። ወይ ፍንክች!

የሰማኝ የጭቃውን ነገር ሳነሳበት ነው። የነቢዩ ባልደረባ ኢብን አባስ በዝናብ ቀን ሙአዚኑን፣ አዛን የሚለውን ሰው፣ «ወደ ሶላት ኑ» የሚለውን ትተህ «በየቤታችሁ ስገዱ» በል ብሎታል። ሰው ሲገረምበት፣ ከእኔ የሚበልጠው፣ ነቢዩ፣ አድርጎታል፤ በጭቃና በድጥ ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም አለ። አባ ሐዲሱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ዝም ብሎ ቆየና መስገጃውን ሳሎን ውስጥ አነጠፈ።

የረመዷንን የሌሊት ሶላት፣ ተራዊህን፣ እሱ እየመራ ቤት ሰገድን። እኔ ከበሽተኛ ጋር ስለምውል ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ነበርኩ። ድምፁን እንጂ ጀርባውን አላይም። የሚያውቃቸውን አጫጭር ሱራዎች ይደጋግማል። አንዳንዴ መሀል ላይ ድምፁ ይቆረጣል። የካዕባን ዙሪያ ባዶውን በቴሌቪዥን ያየ ቀን እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው።

አንድ ቀን እማ ከሰኞ ገበያ ተመለሰች። ሰዉ እንዴት እንደሚጋፋ ስታወራ አባ ወደኔ ዞረ።

«በሽታው መስጊድ ብቻ ነው ያለው?»

«አባ፣ ሰው መብላት አለበት እኮ።»

«መስገድስ?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ማድቤት ገባሁ።

መስጊድ ሲከፈት ማስክ አድርጎ ሄደ። ምንጣፉ ላይ መቆሚያ መቆሚያው በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል። ሲመለስ ፊቱ አልፈካም። «በየመሀላችን ለሸይጣን ቦታ ትተን ሰገድን» አለ። ሶፍ፣ የሰጋጆች ረድፍ፣ መግጠም አለበት ብሎ ነው ልጅ ሆነን ያስተማረን።

የሚቀጥለው ረመዷን ሳይገባ አባ አለፈ። ኮሮና አይደለም፣ ስኳሩ ነው። የመጨረሻውን ረመዷን ዕድሜ ልኩን አብሯቸው ከሰገዳቸው ሰዎች ተለይቶ የጨረሰው በኔ ምክንያት ነው። ዛሬም ቢሆን አትሂድ እለዋለሁ። በዚያ ዓመት ስንት ሽማግሌ ትንፋሽ አጥሮት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እነሱም ጁምዓና ቅዳሴ የናፈቃቸው ሰዎች ነበሩ።

ግን ያ «መስገድስ?» ያለኝ ነገር አይለቀኝም። ትንፋሹንም ቁጥሩንም ትቼ፣ ለአባቴ ምን ብዬ ልመልስለት ይገባኝ ነበር?