ልጄ፣ ለማንም እንዳትነግሪ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው። ካፊያው አላቆመም፤ ጣና አመድ መስሎ ተኝቷል። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ሁለት ታንኳዎች ወደ ዳር ይቀዝፋሉ። ጊዮርጊስ በር ላይ ስደርስ አንዲት ልጅ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ ከነፍስ አባቷ ጋር ታወራለች። እሳቸው ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘንብለው የገዛ ትከሻቸው በስብሷል። በጆሮዋ የሆነ ነገር ይሏታል፤ እሷ "እሺ አባ፣ እሺ" ብቻ።

የሼክስፒር መነኩሴ፣ አባ ሎውረንስ፣ ትዝ አሉኝ። ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ያስነበቡንን ሮሜዎና ዡልየትን ልጅ ሆኜ ሳነብ ያለቀስኩት ለሁለቱ ፍቅረኞች ነበር። አሁን ከልቤ አልወጣ ያሉኝ መነኩሴው ናቸው።

ክፉ ሰው አይደሉም። ልጆቹን በምስጢር ለማጋባት እሺ ያሉት የሁለቱ ቤት ቂም በዚህ ጋብቻ ይበርድ ይሆናል ብለው ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ሐሳብ ያውቀዋል። ግን እኛ ዘንድ ደም የሚደርቀው በአደባባይ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቄስ መስቀል ይዞ፣ ደም የተቃባው ወገን ፊት ለፊት ቆሞ፣ አገር እያየ። ማንም ያልሰማው ጋብቻ የማንን ደም ያደርቃል? እሳቸው እርቁን ወደዱት፤ ታራቂዎቹን ግን አልጠሯቸውም። ሸክሙ ሁሉ 14 ዓመት እንኳ ባልሞላት ልጅ ላይ ወደቀ።

አባቷ ለሌላ ሊድሯት ቀን ሲቆርጡ ቢላ ይዛ ወደ መነኩሴው መጣች፤ መላ ካልሰጡኝ ራሴን እገድላለሁ ብላ። ያኔ ወደ ቤቷ ሄደው "እኔ ድሬያታለሁ" ቢሉ ኖሮ እላለሁ። እሳቸው ግን 42 ሰዓት እንደ ሬሳ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጧት። ያ ብልቃጥ የእሷን ትዳር ብቻ ሳይሆን የእሳቸውንም ምስጢር ይሸፍን ነበር። ማታለል አላሰቡም፤ ፈርተው ነው። የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፤ ስለ ራሳቸው ፈርተው ሳለ ስለ እሷ የሚመክሩ መስሏቸው ነበር።

እንዳልሞተች የሚነግረው ደብዳቤ ሮሜዎ ጋ ስላልደረሰ አልፈርድባቸውም። መልእክተኛው ወረርሽኝ አለበት ተብሎ በር ተዘጋበት። መንገድ ሲዘጋ መልእክት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

መቃብር ቤቱ ላይ ያደረጉትን ነው ማለፍ ያቃተኝ። ልጅቷ ነቅታለች፣ ባሏ አጠገቧ ሞቷል። ነይ ገዳም ላስገባሽ አሏት፤ እምቢ አለች። የዘበኞች ኮቴ ሲሰማ ትተዋት ወጡ። የባሏ ጩቤ እዚያው አጠገቧ ነበር።

ትንሿን ታውቋታላችሁ። "ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለጋሼ ጊዜውን ጠብቄ እኔው እነግራቸዋለሁ" ያልኳት እኔ ነኝ። እትዬ እያለች ታምነኝ ነበር። ጊዜው ሳይመጣ ስምንት ወር ሄደ። ጋሼ ፊት ቁጭ ባልኩ ቁጥር ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ እጠብቅና ስለ እህል ዋጋ አውርቼ እነሳለሁ።

የሄደች ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ አብሬያት ነበርኩ። ሰማያዊ ፌስታል በሁለት እጇ አቅፋለች፤ ውስጡ ዳቦና የእኔ ሹራብ ነው። ጋሼን ከትኬት መቁረጫው ኋላ በፋኖሱ ብርሃን ሲመጡ አየኋቸው፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስለቆመች አላየችም። "ውሃ ገዝቼ ልምጣ" አልኳትና በጓሮ በር ወጣሁ።

ውሃውን ገዝቼ ነበር። ሐይቁ ዳር ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ ክዳኑንም አልከፈትኩትም።

ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ጋሼም እዚያ መኖሬን እስከ ዛሬ አላወቁም። እኔ የምፈልገው አንዲት ነገር ማወቅ ብቻ ነው፤ የጋሼን ድምፅ ከኋላዋ ስትሰማ እኔ ወደወጣሁበት በር ዞራ አይታ ይሆን?