ድርቅና ጎርፍ ከአንድ ተዳፋት ይመጣሉ

ድርቅና ጎርፍ ለየብቻ ሲወራባቸው አይዋጥልኝም። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ዝናቡ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ይሄዳል። ከብት የረጋገጠው እርቃን አፈር ላዩ ይደድራል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ውሃው አፈሩን ጠራርጎ ቁልቁል ይጋልባል፣ ታች ያለው ማሳ በደለል ይዋጣል፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል።

ስለዚህ ሥራው ከላይ ይጀመር! ላዩ ሳይያዝ ታች ቦረቦሩ ላይ ክትር ቢሠራ ቶሎ በደለል ይሞላል። እርከኑም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከፍታ መጠበቅ አለበት፤ ትንሽ ካዘነበለ ውሃው ዝቅ ያለው ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ይጥሰውና ሌላ ቦረቦር ይከፍታል። ለመለካት ሦስት እንጨት በ«A» ቅርጽ አስሮ ከላይ ድንጋይ በገመድ ማንጠልጠል ይበቃል።

ከቁፋሮው በላይ የሚከብደው ልቅ ግጦሽን ማቆም ነው። ትግራይ ውስጥ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተዳፋቱን ከልለው፣ እርከንና ክትር ሠርተው የጉድጓዳቸው ውሃ ከፍ ብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አግኝተዋል። ግን ከብቱ ምን ይብላ? ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዶ መውሰድ ካልተፈቀደ፣ አጥሩ ብዙ አይቆይም።