ሾላው ሥር ስምንት ወር

ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ሰብስቤ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለ የሕዝብ መናፈሻ እሄዳለሁ። የኬጂ አስተማሪ ነኝ፤ የቅዳሜው ግን የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር የጀመርነው ነው። ስንጀምር ሰባት ልጆች ነበሩ። አሁን ከሃያ በላይ ናቸው፤ ከነእናትና አባታቸው፣ አንዳንዶቹም ከነአያታቸው። በየከተማችሁ ተመሳሳይ ነገር የምትሞክሩ ወላጆችና አስተማሪዎች «እንዴት ነው የምታደርጉት?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ወር አልተሳካም። የሃያ ወፎች ሥዕል አሳትሜ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ልጆቹ ስማቸውን እንዲይዙ ፈለግኩ። እኔ ሥዕል አነሳለሁ፤ እነሱ ከኋላዬ ቅርንጫፍ ላይ የሚዘለውን ጦጣ ያያሉ። ወላጆች ዳር ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት እናት ጠጋ ብላ በትሕትና፣ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ክፍል ውስጥም ይማሩታል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳብሰለስለው አመሸሁ። ልክ ነበረች። ልጆቹን ሐይቁ ዳር ድረስ ወስጄ ለሐይቁ ጀርባቸውን እንዲሰጡ ነበር ያደረግኩት።

ኅዳር ላይ ሥዕሎቹን ቤት ተውኳቸው። መናፈሻው ውስጥ ካሉት ዛፎች አንዱን፣ ትልቁን ሾላ መረጥን። ደንባችንም አንድ ብቻ ሆነ። እንደደረስን ወላጅም ልጅም ሾላው ሥር ተቀምጠን ለአምስት ደቂቃ ዝም እንላለን። ከዚያ እያንዳንዱ ያየውን ወይም የሰማውን አንድ ነገር ይናገራል። ያው ዛፍ፣ ያው ሰዓት፣ በየሳምንቱ። አምስት ደቂቃ ለአምስት ዓመት ልጅ ረጅም ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃም አልሞላን። በአራተኛው ሳምንት ግን ዝምታውን የሚያስከብሩት ልጆቹ ራሳቸው ሆኑ። ስልኩ የጮኸበትን አባት ሁሉም ዞረው ሲያዩት ወዲያው አጠፋው።

ሾላው ከጠበቅነው በላይ ሰጠን። አንድ ቀን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ግንዱ ላይ የተደረደረውን ፍሬ አየችና፣ «ቲቸር፣ አበባው የታለ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እዚሁ አድጌ፣ ከሾላ ሥር ተጫውቼ፣ የሾላ አበባ አይቼ እንደማላውቅ ያን ቀን ገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ አነበብኩ። ለካ የሾላ አበባ ውጭ አይወጣም። ፍሬ የምንለው ነገር ራሱ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ከረጢት ነው። ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለው። በዚያች ቀዳዳ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ተርብ ከሌላ ሾላ የአበባ ዱቄት ይዛ ትገባለች። ስትገባ ክንፏ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ውስጥ እንቁላሏን ጥላ፣ አበቦቹን አዳቅላ፣ እዚያው ትሞታለች። ከልጆቿ ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም። እዚያው ውስጥ ቀድመው ይፈለፈሉና ከሴቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ መውጫ ይቦረቡራሉ። ሴቶቹ በዚያ መውጫ ዱቄቱን ይዘው ይበርራሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢላ ይዤ ሄድኩ። ስድስት ፍሬ ቆረጥን። በአራቱ ውስጥ ተርቦቹ ነበሩ። ከቤት በመጣ አንድ ማጉያ መነጽር ተራ ይዘው ሲያዩ መናፈሻው ጸጥ አለ። አንድ አባት ከልጁ ቀድሞ መነጽሩን ሊወስድ ሲል ልጁ፣ «አባዬ፣ ተራህን ጠብቅ» አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ዳር ቆሞ ስልክ የሚነካካ ወላጅ አላየሁም።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ቀን አደረግን። ብዙም አልለፋንበትም፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ሣር ላይ ምንጣፍ። ፕሮግራሙ ምን ይሁን እያልን ስንጨነቅ አንዲት አያት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ ልጆቹን ሰብስበው «እንቆቅልህ!» አሉ። ልጆቹ «ምን አውቅልህ!» አሉ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» አሉ። አንዱ ባጃጅ አለ፤ እማማ ሳቁ። «አገር ስጡኝ» ሲሉ ልጆቹ ይርጋለምን ሰጡ፤ መልሱ ወንዝ መሆኑ ተነገራቸው። እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ። የፈለግኩት ነገር ለካ ድሮም በእጃችን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜያችን የሚዘጋው በእንቆቅልሽ ነው። ልጆቹ ያን ቀን ካዩት ነገር የራሳቸውን እንቆቅልሽ ይሠራሉ፤ የሚፈቱት ወላጆች ናቸው። በስምንት ወር ከሞከርኩት ሁሉ የሠራው ይሄ ነው። አንድን ነገር በእንቆቅልሽ ለመደበቅ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ስሙን ብቻ የያዘ ልጅ እንቆቅልሽ መሥራት አይችልም። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚመስል፣ ከሌላው በምን እንደሚለይ ማወቅ አለበት። እኔ ደግሞ ፈተና ሳልሰጥ ማን ምን እንዳየ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው የልጅ እንቆቅልሽ «አበባዋን ሆዷ ውስጥ የደበቀች» ነበር። ሾላ። ቀጥሎ የመጣው፣ «ነጭ ሆኖ ተወልዶ ጥቁር ደርቦ የሚያድግ»። ጉሬዛ ነው። ከሾላው ማዶ ባሉት ዛፎች የሚኖር መንጋ አለ። ጥር ላይ አንዷ እናት ደረቷ ላይ በረዶ የመሰለ ግልገል ይዛ ታየች። ልጆቹ ታማለች ብለው አዘኑ። የጉሬዛ ግልገል ነጭ ሆኖ እንደሚወለድና በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁሩና ነጩ እንደሚለይ ነገርኳቸው። ከዚያ በየሳምንቱ የግልገሉን ቀለም ይከታተሉ ጀመር። ጣቶቹን ቁጠሩ ስላቸውም አውራ ጣት እንደሌለው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1835 ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እንስሳውን ለሳይንስ ሲያስመዘግብ የእኛኑ ቃል ነው የወሰደው፤ እስከ ዛሬ የሳይንስ ስሙ ኮሎበስ ጉሬዛ ነው። ይሄን ስነግራቸው አንዱ ልጅ «ስለዚህ ፈረንጆቹ አማርኛ ይናገራሉ» አለ። በዚያ ጉዳይ አዎ፣ ይናገራሉ።

ዓሣ ገበያው አካባቢ ስለሚቆሙት አባ ኮዳዎች ብዙ እንቆቅልሽ ተሠርቷል። ልጆቹ የወደዱት የእግራቸውን ነገር ነው። የአባ ኮዳ እግር ጥቁር ነው። ነጭ የሚመስለው ሲሞቀው እግሩ ላይ ስለሚጸዳዳ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። አንገቱ ላይ እንደ ኮዳ የሚንጠለጠለው ከረጢትም የምግብ ማስቀመጫ አይደለም፤ አየር ነው ያለበት። ብዙ ወላጅ ዓሣ ያጠራቅምበታል ብሎ ያምን ነበር።

ሾላ ሊበላ የሚመጣ፣ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍም አለ። ሲበር ክንፉ የሚያሰማውን ድምፅ ልጆቹ ሳያዩት ይለዩታል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትዘጋለች፤ ጭቃውን የሚያመላልስላት ወንዱ ነው። ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች። ወንዱ ከሦስት ወር በላይ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ይሄን በሰማንበት ቀን አንዲት እናት ባሏን ዞር ብላ ስታየው ሁላችንም ሳቅን።

አሁን ስለ መደቡ ልንገራችሁ። የመናፈሻው አትክልተኛ፣ ልጆቹ ጋሼ የሚሏቸው፣ ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን መሬት ሰጡን። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ ቦታ ከፈልን። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኬጂ ብለን የምናሳጥረው «ኪንደርጋርተን» በጀርመንኛ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ስሙን ያወጣው ፍሬድሪክ ፍሮቤል ለየልጁ የራሱን መደብ ይሰጥ ነበር። ለዓመታት ኬጂ ሳስተምር መሬት የነካ ልጅ አልነበረኝም። ይሄ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

በቆሎና ኦቾሎኒ ዘራን። ሲበቅል ጦጣዎቹ በአንድ ጠዋት ነቅለው ጨረሱት። ሁለት ልጆች አለቀሱ። ጋሼ ግን አጠገቡ ያለው በሶብላና ጤና አዳም እንዳልተነካ አሳዩአቸው። መልሰን ስንዘራ ሽታ ያላቸውን ብቻ አደረግን። ለጦጣ ብስኩት መስጠትም የቆመው ያኔ ነው። ሰው እጅ ላይ የለመደ ጦጣ ቦርሳ እንደሚነጥቅ፣ እንደሚናከስም ልጆቹ ለወላጆቻቸው ማስረዳት ጀመሩ።

ከመደቡ ሥራ ሁሉ የበለጠ የሠራልን እንሰቱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጋሼ አንድ እንሰት አመጡ። አሚቾውን፣ ከመሬት በታች ያለውን ወፍራሙን ክፍል፣ መሐሉን ፈልፍለው በፍግና በአፈር ሞሉት፤ ቀበርነው። በሲዳምኛ ዌሴ እንደሚባል አስተማሩን። ልጆቹ በየሳምንቱ ይሄዳሉ፤ ምንም የለም። ጥር አለፈ፤ የካቲት አለፈ። አንዳንዶቹ ሞቷል አሉ። መጋቢት ላይ ዝናብ ዘነበ፤ አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ዙሪያውን ቡቃያ ከቦታል። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርን። በሚቀጥለው ሳምንት ሰላሳ አለፈ። ሦስት ወር መጠበቅን ለአምስት ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት አይቻልም፤ እንሰቱ አስረዳልኝ። እንቆቅልሹም ተሠራ፦ «አንዷን ቀበርን፣ ልጆቿን ቆጠርን»።

የካቲት ላይ አንድ መጥፎ ቅዳሜ ነበር። ስንደርስ ከሾላው ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ተቆርጠው መሬት ላይ ወድቀዋል። ለአንድ ዝግጅት ድንኳን ሊተከል ነው ተባልን። ፍሬው ሳይበስል ተበትኗል። ልጆቹ ፍሬውን ለቀሙ፤ «ተርቦቹስ?» አሉ። በጣም ተናደድኩ። ማንንም አልተናገርኩም፤ ልጆቹ ፊት ምን እንደምል አላወቅኩም።

መልሱ በፊቼ ጨምበላላ መጣ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያዩ አያንቶዎች ናቸው። ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ። በበዓሉ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ሲመክሩ፣ ከምክራቸው አንዱ ሀገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። በዚያ ሰሞን በነበረን የቤተሰብ ቀን ጋሼ ይሄን ለልጆቹ በራሳቸው አንደበት ነገሯቸው፤ ቅቤ የጠጣ ቡሪሳሜ፣ ከእንሰት የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ፣ እየበላን። አንዱ ልጅ «የሾላውን ቅርንጫፍ የቆረጡት ሰዎች ግን አልሰሙም» አለ። ጋሼ «እናንተ ሰምታችኋል» አሉት። እኔ የካቲት ላይ ያጣሁት መልስ እሱ ነበር።

ለምትጀምሩት ሁለት የጥንቃቄ ነገር። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃ ውስጥ ይለቀቃል፤ በቆዳም ይገባል። ስለዚህ ልጆች እግራቸውን አይነክሩም፤ ውሃውን በእጃቸው አይቀዱም። ጓንት ያደረገ አዋቂ በግልጽ ማሰሮ ቀድቶ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ያሳያቸዋል። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። እኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው የምንቆየው፤ ሐይቁ ዳር አንድ ወላጅ ሁልጊዜ ይቆማል።

አሁን ግንቦት ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ዝም ብለን ተቀምጠን ስናበቃ፣ ኅዳር ላይ አንድ ቃል የማትተነፍሰው ልጅ ተነሳች። «እንቆቅልህ!» አለች። «ምን አውቅልህ!» አልናት።

«ዋናተኛ ነው፤ ልብሱን ያሰጣል፤ ግን አያወልቅም።»

አባቶቹ ዓሣ አጥማጅ አሉ። እማማ እንቁራሪት አሉ። እኔ ደብተሬን አገላበጥኩ፤ አላገኘሁም። «አገር ስጪኝ» አለችኝ። አዳማን ሰጠኋት። በጣቷ ወደ ሐይቁ አመለከተች። ውሃ ውስጥ የቆመ ግንድ ላይ፣ ዓሣ ፍለጋ ሲጠልቅ የነበረው ጥቁሩ ወፍ ክንፎቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ላባው ውሃ ስለሚይዝ ከጠለቀ በኋላ ማድረቅ አለበት። በየሳምንቱ እዚያ ነበር።