ቤዚስቱ እለቃለሁ ሲል

በምሠራበት የቪዲዮ ቤት አራት ነበርን። ካሜራማን፣ ኤዲተር፣ የድምፅ ባለሙያና ሥራውን የማስተባብረው እኔ። ናምበር ገርል የሚባለውን የጃፓን ሮክ ባንድ ያስተዋወቀን የድምፅ ባለሙያችን ነው። ከቀረጻ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሌላ ነገር አይከፍትም። መጀመሪያ ጩኸት ብቻ መሰለኝ። እየቆየ ጆሮዬ ለየው። ሙካይ ሹቶኩ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይዘፍናል፣ የታቡቺ ሂሳኮ ጊታር እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ከሥር የናካኦ ኬንታሮ ቤዝ ጊታር ይጎተጉታል፣ የአሂቶ ኢናዛዋ ድራም ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ ይሮጣል።

በፈረንጆቹ 1995 ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ ነው የተመሠረቱት። በ1999 ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ወሰዳቸው። በ2000 አሜሪካ ሄደው ከፕሮዲውሰር ዴቭ ፍሪድማን ጋር አልበም ሠሩ። ይሄ ሁሉ ሆኖም ሙካይ መድረክ ላይ ራሳቸውን ሲያስተዋውቅ ከፉኩኦካ፣ ከሃካታ ሰፈር እንደመጡ ነበር የሚናገረው። ይሄን ነገሩን በጣም እወደዋለሁ። በ2002 ሌላ አልበም አወጡ። በዚያው ዓመት ቤዚስቱ ናካኦ እለቃለሁ አለ።

የእኛም የድምፅ ባለሙያ አንድ ቀን እንደዚሁ አለኝ። ሌላ ሥራ አግኝቷል። አንድ ወር ሠርቼ፣ የጀመርነውን ዶክመንታሪ አስረክቤ ልሂድ አለ። እኔ ተናደድኩ። የከዳኝ መሰለኝ። መሄድህ ካልቀረ ዛሬውኑ ሂድ አልኩት። በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠርኩ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ በሙያው የሚወጣለት እንከን የለም።

አዲሱ ልጅ በመጣ በሦስተኛው ቀን አንዲት ትልቅ እናት ቤት ሄድን። ስለሞተው ወንድማቸው እያለቀሱ ሲነግሩን የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሳ። የድሮው ልጅ ቢሆን እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ካሜራማኑም ያንን አይቶ ቃል ሳይወጣው ያቆማል። ይሄን ማንም የትም አልጻፈውም፤ አብረው ብዙ ስለሠሩ ብቻ የመጣ ነገር ነው። አዲሱ ልጅ ጩኸቱን ሰምቷል፣ ግን እናትየውን ማቋረጥ ነውር መሰለው። ካሜራማኑ እጅ ይጠብቃል። 40 ደቂቃ እንዳለ ተበላሸ። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ እማማ ይድገሙልን ብዬ ለመንኳቸው። «አንዴ አልቅሼ ነግሬሃለሁ ልጄ፣ ሁለተኛ አልችልም» አሉኝ።

ማታ ኤዲተራችን የናምበር ገርልን መጨረሻ ነገረችኝ። ናካኦ ሲለቅ ሦስቱ በቦታው ሌላ ቤዚስት አልፈለጉም። ከአራቱ አንዱ ከሌለ ባንዱ የለም ብለው ለመበተን ወሰኑ። እሱንም አላባረሩትም። የቀረውን ኮንሰርት ከእሱ ጋር ዞረው፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2002 ሳፖሮ፣ ፔኒ ሌን 24 በተባለው አዳራሽ ጨረሱ። የዚያ ምሽት ቅጂ በዓመቱ በአልበም ወጥቷል። ያን ሌሊት ሳዳምጠው አደርኩ። ሊለያዩ ነው ብሎ ማን ያምናል? አንዱም እጁን አልሰበሰበም።

የእኛ ቤት እንደ ባንድ አንድ ሰው ሄደ ተብሎ አይዘጋም፣ የቤት ኪራይና ልጆች ያሉን ሰዎች ነን። ግን ያ አንድ ወር በእጄ ላይ ነበር፤ በንዴት ጣልኩት።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሁለት ቅዳሜ መጣ። አዲሱን ልጅ አጠገቡ አቁሞ እጁን መቼ እንደሚያነሳ፣ ካሜራማኑ ከየት በኩል እንደሚያየው አሳየው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ ናምበር ገርል በ2019 ዳግም ሲሰባሰብ እነዚያው አራቱ እንደነበሩ፣ በ2022 ዮኮሃማ ላይ እንደገና ሲጨርሱም እነሱው እንደነበሩ ነገረኝ።

እማማ ያንን ታሪክ አልደገሙትም። ፊልሙ ላይ ያ ቦታ ድምፅ የለውም። ፊታቸው ብቻ ይታያል።