የቅጠል ኤክስትራክት ባክቴሪያ ይገድላል ከማለታችን በፊት

ኤክስትራክት ማለት ከተክል በፈሳሽ ተሟሙቶ የወጣ ንጥረ ነገር ነው። ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ ሲፈተሽ፣ ብዙ ጊዜ ሙከራው የሚበላሸው ባክቴሪያው ጋ ሳይደርስ፣ ገና ቅጠሉ ሲደርቅ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ብርሃንና ሙቀት የማይችሉ ንጥረ ነገሮቹን ያጣል፤ ጥላ ውስጥ ሳሳ ተደርጎ ተሰጥቶ፣ በእጅ ሲታሽ እስኪንኮሻኮሽ ይቆይ። 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ተዘፍዝፎ፣ እየተነቀነቀ 72 ሰዓት ይቆያል። ከተጣራ በኋላ ሜታኖሉ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይተናል። የቀረውን ዝልግልግ ነገር ደጋግሞ መመዘን ግድ ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ካላቆመ ገና ፈሳሽ አለበት። በዚህ ሁኔታ ባክቴሪያውን የገደለው ቅጠሉ ይሁን ሜታኖሉ አይለይም።

ባክቴሪያው የሚያድግበት የረጋ ምግብ፣ ማለትም የሙለር ሂንተን አጋሩ፣ ጥልቀት 4 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከወፈረ ክቡ፣ ማለትም በኤክስትራክቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቦታ፣ ይጠብባል። ባክቴሪያው በ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ተስተካክሎ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይቀባ። ከኤክስትራክቱ ጎን ለማነጻጸሪያ፣ የደረቀው ኤክስትራክት የተሟሟበት ፈሳሽ ዲኤምኤስኦ ለብቻው፣ እንዲሁም የታወቀው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲፕሮፍሎክሳሲን መኖር አለባቸው።

ሰፊ ክብ ግን ሁልጊዜ ጠንካራ መድኃኒት ማለት አይደለም። ውሃ የማይወዱ ንጥረ ነገሮች አጋር ውስጥ እንደልብ አይሰራጩም። ስለዚህ በባክቴሪያው ፈሳሽ ምግብ ውስጥ ኤክስትራክቱን በየግማሹ እያቀጠኑ ዝቅተኛውን ገቺ መጠን፣ ማለትም እድገትን የሚያቆመውን ትንሹን መጠን፣ መፈለግ ይሻላል። ኤክስትራክቱ ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ ባክቴሪያው ሲያድግ የሚመጣው ድፍርስነት በዓይን አይታይም፤ ሬሳዙሪን የተባለ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበት። ሰማያዊ ከቀረ እድገቱ ተገትቷል፤ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ባክቴሪያው በሕይወት አለ። አንዳንድ ኤክስትራክት ያለ ባክቴሪያም ቀለሙን ይለውጣል፣ ስለዚህ ኤክስትራክትና ሬሳዙሪን ያለበት፣ ባክቴሪያ ግን የሌለበት አንድ ጉድጓድ (በመሞከሪያው ሳህን ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ) የግድ ይኑር። ከሰማያዊዎቹ ጠብታ ተወስዶ አዲስ አጋር ላይ ይዘራ፤ ከበቀለ ኤክስትራክቱ ገታው እንጂ አልገደለውም።