ሌሊት ሌሊት ከማከክ እንዴት ተገላገልኩ

የጀመረኝ ቅልጥሜ ላይ ነው። ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ብዙም አይታወቀኝም። ገና ጋደም ስል ግን ይነሳብኛል። ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አያለሁ፤ በእንቅልፌ ስቧጭር አድሬ ነው።

አለርጂ ነው ብዬ ክኒን ዋጥኩ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ እንጂ ማሳከኩ ንቅንቅ አላለም። ቀጥዬ ወደ ሙቅ ውሃ ዞርኩ። የሚያቃጥል ውሃ ሲያርፍበት ለትንሽ ጊዜ እፎይ ያሰኛል። ስለዚህ በየማታው በሳሙና እየፈተግኩ ረጅም ሰዓት እታጠብ ነበር።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አስተጣጠቤ ነው። ቆዳችን እርጥበቱን ይዞ የሚቆየው በላዩ ባለው ስስ ቅባት ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ያንን ጠርገው ይወስዱታል። ቆዳው ይደርቃል፣ ያሳክካል። ሲያኩት ይቆጣል፣ ከተቆጣ ደግሞ ይብሳል። ለካ እፎይታ ያልኩት ነገር ነበር ሲያባብስብኝ የከረመው! ክኒኑም የሚያግደው ሂስታሚንን፣ ማለትም አለርጂ ሲነሳ ሰውነት የሚለቀውን የሚያሳክክ ንጥረ ነገር ነው፤ የደረቀ ቆዳ ማሳከክ ግን በአብዛኛው ከሂስታሚን አይመጣም።

ከዚያ ወዲህ በለብታ ውሃ ነው የምታጠበው፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ። ሳሙና ለብብትና ለመሰል ቦታዎች ብቻ። በፎጣ ሳልፈትግ ጠቅ ጠቅ አድርጌ፣ ቆዳዬ ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን እቀባለሁ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ብትቀቡት ግን ያን ያህል እንደማይጠቅም ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ሽቶ ያለውን ሎሽን ተውኩት፣ ጥፍሬንም አሳጠርኩ። ሌሊት ሲነሳብኝ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ አደርግበታለሁ። ማታ ቆዳ ስለሚሞቅ ማሳከኩ ይበረታል፤ ስለዚህ ከባዱን ብርድ ልብስም ቀየርኩ።

የሁሉም ሰው ግን እንደኔ አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሌሊት የሚያክ ከሆነ የእከክ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነትን የሚያሳክክ፣ ከ6 ሳምንት ያለፈ፣ ወይም ከክብደት መቀነስና ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር የመጣ ከሆነ እባካችሁ ቅባት እየቀያየራችሁ አትቆዩ። የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

እኔን ለመሻል ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀብኝ። አሁንም በጣም ሲደክመኝ ሙቁ ውሃ ያምረኛል። አንዳንዴ እሸነፋለሁ፤ በማግስቱ ማታ ቅልጥሜ ይነግረኛል።